በፍልሰታ አምስት እባብ ስመግብ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ትልቅ የአፓርትመንት ሕንፃ ጠግኛለሁ። የሰው ፀጉር የተጠቀለለበትን የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ በባዶ እጄ ስቤ አውጥቻለሁ፤ የሽንት ቤት መስመር ሲፈነዳ ባለ ዲፕሎማዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሲቆሙ ምድር ቤት የወረድኩት እኔ ነኝ። አንድም ቀን አላቅለሸለሸኝም። ከበረዶ የወጣ አይጥ ይዤ የቆምኩ ዕለት ግን ዓይኔን ጨፈንኩ።

እባብ ማሳደግ በዚህ አገር እንደ ቀላል መዝናኛ ይታያል። ምን ያህል ጊዜ፣ ምን ያህል ገንዘብና ምን ያህል ሆድ እንደሚጠይቅ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም።

እባቦቹ የልጄ ናቸው። ያለችኝ አንድ ልጅ እሷ ናት፤ እናቷ ካረፈች ሰባት ዓመት ሆኗታል። አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች፣ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ሌላው ሰው ሲሰለቸው ውሻ ይገዛል፣ እሷ እባብ ገዛች። በአንድ ጀመረች፤ ቤት የሚለቅ ጎረቤት ሁለት ጨመረላት፤ ሳላውቀው አምስት ሆኑ። አራቱ ቀጫጭን ናቸው፣ አምስተኛዋ የክንዴን ያህል የወፈረች፣ ቡናማና ጥቁር። መርዝ የላቸውም ትላለች። እኔን የሚያስጠላኝ መርዛቸው ሳይሆን እነሱ ራሳቸው ናቸው፤ ያለ እግር መሄዳቸው፣ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ መተኛታቸው።

እነሱ ከመምጣታቸው በፊት የቤቷ ቁልፍ ነበረኝ። አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለች ገብቼ የዕቃ ማጠቢያ ማሽኗን ፈታሁት። ድምፁ ትክክል አልነበረም፤ ዛሬም ትክክል አልነበረም እላለሁ። ውሃው ታች ያለውን ጎረቤት ኮርኒስ አወረደው። ልጄ አልጮኸችም። እጇን ዘርግታ "ቁልፉን" አለችኝ፣ ሰጠኋት። ከዚያ ወዲህ እንደ እንግዳ ደወል እየተጫንኩ ነበር የምገባው። እባቦቹ ሲመጡ ደግሞ እሱንም ተውኩትና ሁለት ዓመት ሙሉ የምንገናኘው እኔ ቤት ወይም ምግብ ቤት ሆነ።

ባለፈው ነሐሴ፣ ልክ ፍልሰታ ሊገባ ሲል ደወለችልኝ።

"አባባ፣ ለሥራ ትሬኒንግ ልሄድ ነው። ሁለት ሳምንት። እነሱን የምትጠብቅልኝ ጓደኛዬ ካንስል አደረገችብኝ።"

"ለሚከፈለው ሰው ስጪያቸዋ።"

"ጠይቄያለሁ። ለአምስቱ በቀን ስልሳ ዶላር ነው የሚሉኝ።"

"በስልሳ ዶላርማ እኔንም ይጠብቁኛል።"

"እርስዎን ከሆነ ያስጨምሩኛል" አለችና ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ቁልፉን እሰጥዎታለሁ" አለችኝ።

እሺ ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ለእባብ ብዬ አይደለም። ያ ቁልፍ ዳግመኛ ከእጄ እንዳይወጣ ብዬ ነው።

ከመሄዷ በፊት እሁድ ከሰዓት ወስዳ አሳየችኝ። አይጦቹ በሣጥን ታሽገው በፖስታ ይመጣሉ፤ ከፍሪዘር ወጥተው በላስቲክ እንዳሉ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በረጅም መቆንጠጫ ለእያንዳንዱ እባብ ይቀርባሉ። በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ጊዜ ብቻ። "የቀረው እዚህ ውስጥ አለ" ብላ ፍሪጁ ላይ ወፍራም ፖስታ ለጠፈች።

እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩ ሰው ነኝ። ኤሌክትሪክ የተማርኩት ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍና ከተቃጠለ ሬዲዮ ነው፤ እንግሊዝኛ የተማርኩት ከመዝገበ ቃላት። ብቻዬን የተማርኩትን ያህል አስተምረውት የተማረ አላየሁም። እንዲህ ያለ ሰው መመሪያ ሲለጠፍለት ደስ አይለውም። እንደሄደች ፖስታውን ሳልከፍት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ከኔ ቤት እሷ ቤት በሁለት ባቡርና በአንድ አውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በየሁለት ቀኑ እሄድ ነበር። በሩን ስከፍት የሚቀበለኝ ሽታ የእርጥብ ምንጣፍና የከረመ ሽንት ቅልቅል ነበር። ውሃቸውን እቀይራለሁ። ኩሳቸውን በማንኪያ እለቅማለሁ፤ ግማሹ ጥቁርና ለስላሳ፣ ግማሹ እንደ ኖራ ነጭና ደረቅ ነው። አንደኛው ቆዳውን ጥሎ ስላገኘሁት እሱንም አነሳሁ፤ የዓይኑ ሽፋን ሳይቀር አብሮ ወልቋል። ሁለት ጓንት ደርቤ ነበር፣ ግን በጓንቱ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። አንዱን ሣጥን አጽድቼ ስጨርስ ሌላው ቆሽሾ ይጠብቀኛል። ልጄ ቅዳሜ ጠዋቷን ሁሉ ለዚህ ትሰጣለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ለማግባትም ጊዜ አጣሁ ትለኛለች።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር አየሁ። ከእያንዳንዱ የመስታወት ሣጥን ሥር ማሞቂያ ተለጥፏል፣ አምስቱም ይሠራሉ። ውጭ የነሐሴ ፀሐይ አስፋልቱን እያቀለጠው፣ ውስጥ አምስት ማሞቂያ! ሽታ ደግሞ በሙቀት እንደሚብስ ማንም የቧንቧ ሠራተኛ ያውቃል። ማሞቂያዎቹን ከሶኬት ነቀልኳቸው፤ ኤሲውን እስከ መጨረሻው አቀዘቀዝኩት። በሁለተኛው ጉብኝቴ ሽታው በግማሽ ቀንሶ አገኘሁት። እባቦቹም ጸጥ ብለው ተኝተዋል። የመብራት ሂሳብም ቆጠብኩላት፣ አደብም አስገዛኋቸው ብዬ ኮራሁ።

ያን ሰሞን ከቅዳሴ ስንወጣ እኩዮቼ ዕረፍት አይሰጡኝም ነበር።

"የእባብ ሞግዚት! ልጆቹ ደህና አደሩ?" አለኝ አንዱ። "ጥርስ ሲያወጡ ንገረንና ቆሎ እንቆላላቸዋለን።"

"መጀመሪያ ላንተ ጥርስ ይግባልህ" አልኩት።

"ለመሆኑ በፍልሰታ ሥጋ ትሰጣቸዋለህ? አይጾሙም?"

"ሁለት ሳምንት ሳይበሉ ይቆያሉ። ካንተ ይሻላሉ።"

ቅዳሜ ደረሰ። ፍሪዘሩን ስከፍት ከላይ ልጄ ለኔ ያስቀመጠችልኝ የምስር ሳምቡሳ አለ፣ "የጾም ነው" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ሥሩ የአይጦቹ ላስቲክ ነው። ሳምቡሳው ታሽጓል፣ አይጦቹም ታሽገዋል፤ ቢሆንም መልሼ ዘጋሁት። ውሃ ጠጥቼ እንደገና ከፈትኩት።

አራት ትናንሽ ነጭ አይጦችና ለትልቋ አንድ የጎለመሰ አይጥ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲቀልጡ ፀጉራቸው ይለጠፋል፣ ሆዳቸው ይላላል፣ በላስቲኩም ውስጥ ሆነው የሚሸቱት ሽታ ስም የለውም። የትልቋን በጭራው ያዝኩት፤ ሞቅ ያለ ነው፣ በሕይወት ያለ ይመስላል። ያን ጊዜ ነው ዓይኔን የጨፈንኩት። አራቱ ቀጫጭኖች ቀስ ብለው ወሰዱ። ትልቋ ብዙ አስጠበቀችኝ፤ ከዚያ መንጋጋዋን ከልክ በላይ ከፍታ በጭንቅላቱ በኩል ጀመረችው። ጭራው እስኪገባ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ሳልፈልግ እስከ መጨረሻው አየሁት።

ሰኞ በሩን ገና ስከፍት ሽታው ወደ ኋላ ገፋኝ። የትልቋ ሣጥን ጥግ ላይ አይጡ ተመልሶ ወጥቷል። አይጥ ብዬ ልጥራው እንጂ አይጥ አልነበረም፤ ፀጉሩ የሟሟ፣ ግራጫ፣ በአረንጓዴ ልጋግ የተጠቀለለ፣ ቅርጹ ግማሹ ያለ ግማሹ የሌለ ነገር ነው። ትልቋ አንገቷን አንጋጥጣ አፏን በትንሹ ከፍታ ተጋድማለች። ሮጬ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ጾም ላይ ስለነበርኩ ከውሃ በቀር የሚወጣ አልነበረኝም።

ጠራርጌ ስጨርስ ተቀምጬ አሰብኩ። ያየ የለም። በሦስት ላስቲክ አስሬ ጥዬዋለሁ። ብትሞት እንኳ እባብ ይሞታል፣ ሞተች ይባላል። በዕቃ ማጠቢያውም ጊዜ "ሳልነካው በራሱ ፈነዳ" ብዬ ነበር፤ ይህን ከላይ አልጻፍኩትም። ልጄ ቁልፉን የወሰደችብኝ ለውሃው ይሁን ለዚያ ቃል ጠይቄያት አላውቅም። አልጋዋ አጠገብ ግድግዳው ላይ የትልቋን ፎቶ ሰቅላለች፣ ትከሻዋ ላይ አድርጋት፣ ሁለቱም ወደ ካሜራው እያዩ። ሲያስጠላ! ግን ልጄ ፎቶው ላይ ትስቃለች።

ደወልኩላት።

"ትልቋ የበላችውን አወጣችው።"

"ኦ ማይ ጋድ። ቴርሞሜትሩ ስንት ይላል?"

"እሱን አላየሁም። ማሞቂያውን ነቅዬዋለሁ።"

"መቼ?"

"በመጀመሪያው ቀን። ኤሲውንም ዝቅ አድርጌዋለሁ።"

ከኋላዋ ሰዎች ሲያወሩ ይሰማኛል። "አባባ፣ የጻፍኩልዎት ላይ እኮ አለ።"

"አላነበብኩትም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አልኳት። በሰባ ሦስት ዓመቴ ከዚያ በፊት ይህን ዓረፍተ ነገር ከአፌ ማውጣቴ ትዝ አይለኝም።

"አሁን ያውጡትና ጮክ ብለው ያንብቡልኝ" አለች።

ፖስታውን ቀደድኩት። እንግሊዝኛ ነው ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አራት ገጽ አማርኛ ነው፣ በእጅ የተጻፈ። ልጄ እዚህ የመጣችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከስሟ ሌላ በአማርኛ የምትጽፍ አይመስለኝም ነበር። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፣ ፊደሎቿ እንደ ኔ ወደ ግራ ያዘነብላሉ። ተሰርዞ እንደገና የተጻፈ ብዙ ነበር። በሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ "ማሞቂያዎቹን አይንቀሉ፣ ኤሲውን አይንኩ፤ ከበሉ በኋላ ከበረዳቸው ምግቡ ሆዳቸው ውስጥ ይበሰብሳል" ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩት። እሷም አላቋረጠችኝም፣ እኔም እንባዬን አላሰማኋትም።

ወረቀቱ እንደሚለው ትልቋን ትራስ ልብስ ውስጥ አስገብቼ፣ በካርቶን አድርጌ ታክሲ ጠራሁ። ሾፌሩ የኛው ሰው ነበር።

"አባቴ፣ ምን ይዘው ነው? እንቁላል ከሆነ ቀስ ብዬ ልንዳ።"

"የልጄ አደራ ነው። ቀስ በል።"

የእንስሳት ሐኪሟ ሁለት መቶ ሰማንያ ዶላር ተቀበለችኝ፤ የኔን ጥርስ ሐኪም ያህል። ሳንባዋን አዳመጠች፣ አፏን ከፍታ አየች፣ ሙቀት ይስጧት፣ ለሁለት ሳምንት ምንም እንዳይመግቧት አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ሄድኩ። ሦስት ሰዓት መንገድ፣ ሁለት ሰዓት እነሱ ጋር። ማሞቂያዎቹ ሲመለሱ ሽታው ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። የአምስቱንም የሙቀት ቁጥር በስልክ እልክላታለሁ፣ እሷ "ኦኬ" ትለኛለች። ከኦኬ የዘለለ ነገር አልነበረም።

ልጄ የተመለሰች ዕለት ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ሣጥኖቹ ሄደች። ትልቋን አውጥታ አንገቷ ላይ ጠመጠመቻት፤ ዞር አልኩ። ከዚያ ፍሪዘሩን ከፈተች።

"ሳምቡሳውን አልበሉትም?"

"ከአይጥ ጋር ያደረ ሳምቡሳ አልበላም።"

ሳቋን ሰማሁ። ለመሄድ ስነሳ ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ሳትጠይቀኝ ዘረጋሁላት። እባቧ አንገቷ ላይ እንዳለች ቁልፉን አየችው፣ አልተቀበለችኝም።

"ሐሙስ ደብል ሺፍት ነኝ፣ ቀንም ማታም" አለች። "ውሃቸውን ይቀይሩልኛል? ሌላ ነገር ግን እንዳይነኩ።"

"ወረቀቱ ላይ የሌለውን አልነካም።"

ሐሙስ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ያመለጠኝ ሐሙስ የለም፤ እንደኔ የእባብ ሣጥን የሚያጸዳ ሰው በአሌክሳንድሪያ ካለ አምጡልኝ። ዛሬም እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ ባቡሩ ውስጥ ሳሸተው ያው ነው። አጠገቤ የሚቀመጡት ሰዎች ቦታ ሲቀይሩ አያለሁ። አልፈርድባቸውም። ቁልፉ በቀኝ ኪሴ ነው፣ ጓንቱ በግራ።