ሐርና የእማዬ ቅቤ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ክንዴን ይዛ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ወዳለው ገበያ ወሰደችኝ። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ ከግቢ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ጥቁር ሻሽ ልትገዛልኝ አንድ ሱቅ ገባን፤ ሻጩም የሐር ነው እያለ ዘረጋልን። ልዳስሰው እጄን ስሰድ ጨርቁ የጣቴን ጫፍ ያዘና አንድ ክር ተመዘዘ። ልጄ ሻጩን ይቅርታ ስትጠይቅ እኔ ጣቴን እያየሁ ቆምኩ። ሐር ጣቴን ሲይዘው የመጀመሪያው አልነበረም።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከደጋው ከገረሴ ወደ አርባ ምንጭ ወርጄ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ልብስ ስፌት እማር ነበር። የምታስተምረን ኬይኮ የምትባል ጃፓናዊት በጎ ፈቃደኛ ናት፤ እኛ «እትዬ ኬይኮ» እንላታለን፤ እሷም መጠሪያውን ወዳዋለች። ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ጥላ ሥር ሲያስቀምጥ፣ ለሦስታችን ለብቻ የአገሯን ጥልፍ ታሳየን ጀመር።

ጨርቁ በእንጨት ላይ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ቀኝ እጅ ከላይ መርፌውን ሲሰድ ግራ እጅ ከታች ሆኖ ሳያይ ይቀበለዋል። ሐሩ ግን አይፈተልም፤ ልቅ ሆኖ፣ እንደ ሕፃን ፀጉር ተበትኖ ነው የሚተኛው። የሚያበራውም ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ ከእናቶቻችን ጥጥ መፍተል ለምደን ኖሮ ጣቶቻችን ሳናዛቸው ይፈትሉታል። እትዬ ኬይኮ እየሳቀች «ተዉት፣ ይረፍ!» ትለን ነበር።

የማንጎው ወቅት ሳያልፍ የተሰጣትን የነጭ አበባ ጥልፍ አሳምራ የጨረሰች አንዷ የእትዬ ኬይኮ ረዳት ሆና ትቀራለች ተባለ። እኔ ሌላ መውጫ አልነበረኝም። ትምህርቱ ሲያልቅ ገረሴ ተመልሼ እንሰት ስፍቅ መኖር ነው። ያንን ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ፍቄ ጠግቤዋለሁ፤ መዳፌም ይመሰክራል። ሐሩ በነካሁት ቁጥር ቆዳዬ ላይ ይያዝና ይሻክራል፤ አንዷን የአበባ ቅጠል ስንት ጊዜ ፈትቻት ይሆን!

አጠገቤ የምትቀመጠው አስቴር ምላሷ አያርፍም። «ታደለች፣ እጅሽ እኮ ሞረድ ነው! ነገ ከቤት ቢላዋ ላምጣልሽ?»

«አምጪው። በዚያው ምላስሽንም እስለዋለሁ» አልኳት። ተሳሳቅን። ማታ ግን መኝታዬ ላይ አለቀስኩ።

አክስቴ ይህን ሰምታ ለእማዬ መልእክት ላከችላት መሰለኝ፣ ቅዳሜ ዕለት እማዬ በአይሱዙ ተጭና፣ አቧራ ለብሳ መጣች። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዛለች። እጄን ገልብጣ አየችው።

«እኔ ነኝ ያስፋቅሁሽ» አለች።

«ምን ታደርጊ እማዬ፤ ሥራ ነው።»

«ቅቤ ያልፈታው ድርቀት የለም። ነይ።»

ሁለት ሌሊት እጄን እስከ አንጓዬ ቀባችኝ፤ በጨርቅም ጠቅልላ አስተኛችኝ። ሰኞ ማለዳ ወደ መናኸሪያው ስትሄድ ዞራ ዞራ እያየችኝ ነበር።

እጄን በሳሙና ደጋግሜ ታጥቤ ጥልፉ ፊት ተቀመጥኩ። ሐሩ አልያዘኝም! መርፌው ወርዶ ይወጣል፤ ክሩ እንደ ውሃ ይተኛል። እትዬ ኬይኮ ከኋላዬ መጥታ «አየሽ? እጅ ይማራል» አለች። ከዚያ ቀን በላይ የተደሰትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ሙቀቱ በረታ። ከአባያ ሐይቅ በኩል ነፋስ የሚባል የለም። ላቤ ሲመጣ ቆዳዬ የጠጣውን ቅቤ መልሶ ተፋው። እኔ አላየሁም፤ ቀድማ ያየችው አስቴር ናት። ነጩ አበባ ላይ ቢጫ ጥላ ወድቆበታል፤ የሠራሁት ሁሉ፣ ገና ያልተሰፋው ሐርም ጭምር። እትዬ ኬይኮ ዱቄት ነሰነሰችበት፤ በወረቀት ተጫነችው፤ ጥላው ሰፋ እንጂ አልለቀቀም። በመጨረሻ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በቀስታ፣ «ታደለች፣ ይህ ሐር አይታጠብም። ሌላ ነጭ ደግሞ የለኝም» አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። አስቴር እንኳ አልቀለደችም። ጨርቁን ከእንጨቱ ፈታሁት፤ ሌላ ምን ይደረጋል?

ረዳት የሆነችው አስቴር ናት። እኔ ገረሴ ስደርስ እማዬ ደጅ ላይ ጠበቀችኝ፤ ስለ ሌላው ከመጠየቋ በፊት «ቅቤውስ ረዳሽ?» አለችኝ።

«በጣም ረዳኝ እማዬ። ቦታው አንድ ብቻ ሆኖ ነው።»

«እኔ ብዬሽ የለም!» አለች፤ ፊቷ በራ። ከዚያ ወዲህ የማንም ልጅ ወደ ከተማ ስትወርድ እማዬ ቅቤ በኮባ ጠቅልላ ትሰጣት ነበር። ሐሩን ያበላሸው ቅቤው እንደሆነ እስከ ዕለተ ሞቷ አልነገርኳትም። ከጸጸት አድኛታለሁ እያልኩ ኖርኩ።

በኋላ መምህር አግብቼ ወደ አርባ ምንጭ ተመለስኩ፤ አሁን የቀበርኩት እሱን ነው። ሆስፒታል በተኛበት ጊዜ ሁሉ ጠዋት ጠዋት ሾርባ ሠርቼ እወስድለት ነበር። ማታ ባዶውን ሳህን ስቀበል «ጥሩ ነበር» ይለኛል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ለነገው ካሮት እገዛለሁ። ለቅሶው ላይ ሆስፒታል አጠገቡ ተኝቶ የነበረውን በሽተኛ ያስታምም የነበረ ሰው መጣ። እያፈረ፣ «እናቴ፣ ሾርባውን የምጠጣው እኔ ነበርኩ» አለኝ። «መዋጥ አቅቶት ነበር። እሷ እንዳታዝን ጠጣልኝ ይለኝ ነበር። ሾርባሽ ግን ይጣፍጥ ነበር።»

እንግዲህ እኔ በቅቤው እማዬን ያኖርኳት፣ ባሌ በሾርባው እኔን ያኖረኝ ቦታ ላይ ነው። ሰውየው ባይነግረኝ ይሻል ነበር? ባሌስ ራሱ ቢነግረኝ ምን አደርግለት ነበር? ከሾርባ ሌላ በእጄ ምንም አልነበረም።