ከፋለና የፓምፑ ደወል

ከፋለ ላሊበላ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል አሥራ አራት ዓመት የውሃ ፓምፕ ጠባቂ ነበር። ትውልዱ እዚያው አቅራቢያ ገነተ ማርያም ነው። የከተማው ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚመጣ፣ በመጣ ቀን ግቢው ውስጥ ባለው የሲሚንቶ ገንዳ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ፓምፑ ወደ ጣሪያው ታንከር ይገፋዋል። ገንዳው ደርቆ ፓምፑ ከሠራ ይቃጠላል። ከፋለ ድምፁን እየሰማ በጊዜ ያጠፋው ነበር።

እኔ ከፓምፑ ክፍል ጎን አንሶላ አጥብ ነበር። አንድ ቀን ስሙን ሦስት ጊዜ ጠርቼው ዝም ሲለኝ ጆሮው እንደደከመ ገባኝ። ዞር ሲል ፊቴን አየና፣ "ትርንጎ፣ ለሰው አትንገሪ" አለኝ። አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ ልብ ብዬ ሳየው፣ መዳፉን ቧንቧው ላይ አሳርፎ ነበር የሚሠራው። ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር የሚዳስስ ይመስል ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ለሚሌኒየሙ እንግዳ ዝግጅት ሲደረግ፣ የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ መነን አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ አስመጡ። አሸናፊ የሚባል ቴክኒሻን ከደሴ መጥቶ ግራጫ ሳጥን ግድግዳው ላይ ሰቀለ፤ ገንዳውና ታንከሩ ውስጥም በውሃ ላይ የምትንሳፈፍ ኳስ አስገባ። የጣሪያው ታንከር ሲጎድል ፓምፑ ራሱ ይነሳል፣ ሲሞላም ራሱ ይቆማል። ገንዳው ሊደርቅ ሲል ግን ደወል ብቻ ነው የሚደውለው። ያን ጊዜ ፓምፑን የሚያቋርጠው ዕቃ ገና ስላልመጣ ማጥፋቱ የሰው ሥራ ሆኖ ቀረ።

"ጋሽ ከፋለ፣ ከእንግዲህ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ደመወዝ መብላት ነው" አለ አሸናፊ።

"አንተስ ሳጥን ሰቅለህ ትበላ የለ?" አለው ከፋለ።

ወይዘሮ መነን ሳቁ። "ዋናው ደወሉን መስማት ነው። እሱን ለእርስዎ ሰጥቻለሁ።"

ከፋለ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሚስቱ ሰርካለም ከታመመች ወዲህ ቤቱ በእሱ ደመወዝ ብቻ ነበር የሚኖረው። በዚያ ዕድሜው ሌላ ሥራ የሚሰጠው አልነበረም።

በማግስቱ ሙከራ ተደረገ። አሸናፊ ፓምፑን አስነስቶ፣ ገንዳው እስኪጎድልና ደወሉ እስኪጮህ ይጠብቅ ጀመር። ወይዘሮ መነንም በሩ ላይ ቆመዋል። ከፋለ እንደ ልማዱ መዳፉን ቧንቧው ላይ አደረገ። ድንገት ፊቱ ተለወጠና ማጥፊያውን ወደ ታች መታው።

"ምነው? አልደወለም እኮ" ብሎ አሸናፊ ሄዶ ገንዳውን አየ። ውሃው አልቋል። የኳሷ ገመድ በብረት መሰላሉ ተጠላልፎ ኖሯል።

"ጆሮ ማለት ይህ ነው" አሉ ወይዘሮ መነን። "እኛ ምንም አልሰማን።"

ዝም ቢል ምስጋናውን ይዞ ይቀር ነበር። እኔም ዝም እንዲል በልቤ ለመንኩት። ከፋለ እጁን በኮቱ ጠረገ።

"እትዬ መነን፣ እኔም አልሰማሁም። ጆሮዬ ከደከመ ሦስት ዓመት ሆነው። የቧንቧውን ንዝረት በእጄ ዳስሼ ነው የማውቀው። ደወሉ ቢደውልም አልሰማውም። ቤቱ እንግዳ በሞላ ቀን ጉድ እንዳላደርግዎ ብዬ ነው የምነግርዎ።"

ወይዘሮ መነን ፓምፑን አዩት፤ ከዚያ ወደ አሸናፊ ዞሩ።

"ይሄ ሳጥንህ ከደወል ሌላ አያውቅም?"

"መብራትም ያውቃል። ትልቅ ቀይ አምፖል እሰቅልበታለሁ፤ ኳሷንም ከመሰላሉ አርቃታለሁ።"

"አምፖሉ የት ቢሆን ይሻላል፣ ጋሽ ከፋለ?"

አልሰማቸውም። ቀረብ ብለው ፊት ለፊቱ ቆሙና ቀስ ብለው ደገሙለት። ከፋለ ከንፈራቸውን ተከትሎ ሲጨርስ፣ ከግቢው የትም ሆኖ የሚታየውን ከበሩ በላይ ያለውን ግድግዳ አሳያቸው።