ከመስተዋቱ ሥር

ጋሼ ብጫቂ የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም። እኔ መዝገብ ቤት ስቀጠር ስሙ ራሱ አርጅቶ ነበር። የመጣው ከልማዳቸው ነው፤ ሰውየው ንጹሕ ወረቀት ላይ ማስታወሻ አይጽፉም። የመጣላቸውን ፖስታ ሁሉ ጎንና ጎኑን በማስመሪያ ሰንጥቀው፣ ዘርግተው፣ በውስጠኛው ገጽ ይጽፉበታል። «ወረቀት ሁለት ጊዜ ሳይሠራ አይጣልም» ይላሉ። ስለዚህ ጠረጴዛቸው ላይ ከፋይሉ ይልቅ ብጫቂው ይበዛ ነበር።

ጠረጴዛቸውንስ አታንሱት። መቆም የደከማቸው ሦስት የፋይል ክምሮች፣ እጀታው የተሰበረ ኩባያ ሙሉ እስክሪብቶ (ግማሹ አይጽፍም)፣ የደረቀ የማኅተም ቀለም፣ የፋይል ክር፣ መብሻ፣ አንድ ቀን ዝናብ ሲመታቸው አውልቀው የረሱት የአንድ እግር ካልሲ። ከዚህ ሁሉ ሥር ወፍራም መስተዋት ተነጥፏል። ከመስተዋቱ ሥር ደግሞ ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ፣ የባለቤታቸው ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የስልክ ቁጥሮች፣ ብጫቂ በብጫቂ ላይ። የግራው ጥግ የግል ደብዳቤያቸው ቦታ ነበር። ተላላኪው ከፖስታ ቤት ሲመለስ በስማቸው የመጣ ነገር ካለ የመስተዋቱን ጠርዝ ብድግ አድርጎ እዚያች ጥግ ይሸጉጠዋል። ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እኔ ስምንት ወር ሙሉ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ አላየሁም።

እውነቱን ልናገርና ያ ጠረጴዛ ያናድደኝ ነበር። የበለጠ የሚያናድደኝ ግን እሳቸው ምንም አለማጣታቸው ነው። ባለጉዳይ መጥቶ የአሥር ዓመት ፋይል ሲጠይቅ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ፣ እጃቸውን ወደ አንዱ ክምር ይሰዳሉ፣ ያወጡታል። እኔ በቁጥርና በፊደል ባሰለፍኩት መደርደሪያ ፊት ግማሽ ሰዓት እንከራተታለሁ። «ልጄ፣ መደርደሪያሽ ያምራል» ይሉኛል እየሳቁ፣ «ግን አይናገርም።» እኔም እስቃለሁ። ሆዴ ግን አይስቅም ነበር።

በዚያው ዓመት ባለቤታቸው ታመሙ። ሆዳቸው ውስጥ እጢ ተገኘ። ሐኪሙ «አሁን ከወጣ ይድናሉ፤ ከቆየ ግን አልዋሽዎትም» አላቸው። ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ሆስፒታል ግን አንድ ነው፣ ወረፋውም ረጅም። ተራ ሲደርስ ደብዳቤ ይላካል፤ ደብዳቤው በደረሰ በሰባት ቀን ውስጥ ያልቀረበ ሰው ተራው ለሚቀጥለው ያልፋል። ጋሼ ቤታቸው ፖስታ ስለማይደርስ የመሥሪያ ቤታችንን የፖስታ ሳጥን ቁጥር ሰጡ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለሁላችንም ነግረውናል፤ ከጥበቃው እስከ አለቃዋ «ደረሰልዎት?» ሳይል የሚያልፋቸው አልነበረም።

አንድ ሰኞ ሕመሙ በባለቤታቸው ላይ ስለጠና ጋሼ የሦስት ቀን ፈቃድ ወሰዱ። ነገር ሲገጣጠም ደግሞ በዚያው ሳምንት ከዋናው መሥሪያ ቤት ጎብኚዎች ይመጣሉ ተባለ። አለቃችን በየክፍሉ እየዞረች «ጠረጴዛ ላይ ከአንድ ፋይል በላይ እንዳላይ!» አለች። የጋሼ ጠረጴዛ ዘንድ ስትደርስ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

«ይሄንንስ ምን ይሻለዋል?»

«ለኔ ተይልኝ» አልኳት።

ማን ጠየቀኝ? ማንም። የዚያን ወር ስለ ሥራ ቦታ አደረጃጀት የሦስት ቀን ሥልጠና ወስጄ የምስክር ወረቀት ይዤ መጥቻለሁ፤ እጄን እየበላኝ ነበር። የማያስፈልገውን ለይ፣ ለሁሉም ነገር ቦታ ስጥ፣ በቦታው ላይ ስሙን ጻፍ። ማክሰኞ ከጠዋት ጀምሬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ፋይሎቹን በቁጥራቸው ወደ መደርደሪያው መለስኩ። የማይጽፉትን እስክሪብቶዎች ጣልኩ። ሦስት ትሪ አምጥቼ «ገቢ»፣ «በሥራ ላይ»፣ «ወጪ» ብዬ ለጠፍኩባቸው። መብሻውና ማኅተሙ አንደኛው መሳቢያ ውስጥ ገቡ፤ ካልሲውን እንኳ አጥቤ አሰጣሁት። በመጨረሻ ጥበቃውን ጠርቼ መስተዋቱን ባንድ በኩል አነሳንና ከሥሩ ያለውን ሁሉ በሁለት እጄ ዘገንኩ። ፎቶግራፉን ብቻ መለስኩ። ቡናማ ወረቀት የሆነውን ሁሉ፣ የተሰነጠቀ ፖስታ በተሰነጠቀ ፖስታ ላይ፣ ካርቶን ውስጥ ከተትኩ፤ በቡናማ ፕላስተር አሸግኩ፤ በላዩ «ያገለገሉ ፖስታዎች» ብዬ በትልቁ ጽፌ ምድር ቤት ያለው ዕቃ ግምጃ ቤት አስገባሁት።

ከመካከላቸው አንዱ አልተሰነጠቀም ነበር። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ተላላኪው እንደ ልማዱ የሸጎጠው ነው። በእጄ ነክቼዋለሁ፣ ከሌሎቹ ጋር ጠፍጥፌ አስተካክዬዋለሁ፣ አላየሁትም።

ረቡዕ ጎብኚዎቹ መጡ። ያንን ጠረጴዛ ፎቶግራፍ አነሱት፤ ፎቶው ከነስሜ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። የዚያን ቀን እግሬ መሬት አልነካም።

ጋሼ ሐሙስ ጠዋት ገቡ። በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

«የሰው ቢሮ ገባሁ እንዴ?»

«የእርስዎ ነው ጋሼ! እኔ ነኝ ያስተካከልኩት።»

ቀስ ብለው መጥተው ተቀመጡ። ትሪዎቹን አዩ፣ ስማቸውን አነበቡ። ከዚያ የመስተዋቱን የግራ ጥግ በጣታቸው ብድግ አደረጉ። ባዶ ነው።

«ልጄ፣ ደብዳቤ አልመጣልኝም?»

«አልመጣም። ቢመጣ ገቢ ትሪው ውስጥ ያገኙት ነበር።»

«እሺ። እጅሽ ይባረክ፣ ደክመሻል» አሉኝ። ፊታቸው ግን እንቅልፍ ካየ ብዙ ጊዜው ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ተላላኪው ሲገባ እሱንም ጠየቁት። «ጋሼ፣ እኔ የመጣልዎትን ሁሉ ያው ቦታው ላይ ነው የማደርገው» አለና ወጣ። ተከትዬው ኮሪደሩ ላይ ደረስኩበት።

«የት ቦታው ላይ?»

«ከመስተዋቱ ሥር ነዋ!»

«በዚህ ሳምንት አድርገሃል?»

«እኔ እንጃ እህቴ፣ በቀን ስንቱን ነው የማድለው!»

ካርቶኑ ትዝ አለኝ። እዚህ ላይ ነው ሰው እንዲፈርድብኝ የምፈልገው። ሐሙስ ነበር፤ ከሰባቱ ቀን ገና ሦስት ቀን ቀርቶናል። ምድር ቤት ወርጄ ፕላስተሩን ብቀደው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ልጠይቅ ነው፤ ለምን ስባል ምናልባት የሰው ደብዳቤ ከቆሻሻ ጋር አሽጌ ይሆናል ልል ነው፤ ፎቶው ደግሞ ከተለጠፈ አንድ ቀኑ። «ሁሉም የተሰነጠቀ ነበር፤ ሌላ ቢኖር አየው ነበር» አልኩ ለራሴ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ፤ ሆዴ ያውቅ ነበር።

ሦስት ሳምንት ጠበቁ። በመጨረሻ ራሳቸው ሆስፒታል ሄዱ። ነርሷ መዝገቡን ገልጣ «ተልኮልዎት ነበር፤ አልቀረቡም፤ ተራዎ አልፏል» አለቻቸው። ለመኑ። የሚቀጥለው ከአራት ወር በኋላ ነው ተባሉ። ያን ዕለት ከሰዓት ቢሮ ገብተው እኛን ሳያናግሩ ወጡ፤ የት እንደሄዱ አልጠየቅኩም፤ ዓይናቸውን ፈርቼ መደርደሪያው ጀርባ ገብቼ ነበር። ባለቤታቸው አራቱን ወር አልደረሱም። በአሥራ አንደኛው ሳምንት አረፉ።

ለቅሶ ደረስን። በማግስቱ ቁልፍ ጠይቄ ምድር ቤት ወረድኩ፤ ያን ጊዜ ለምን ብሎ የጠየቀኝ እንኳ አልነበረም። ነጩን ፕላስተር ቀድጄ ካርቶኑን ስከፍት ከላይ ተቀምጧል፤ የሆስፒታሉ ማኅተም ያለበት፣ ያልተከፈተ። ካርቶኑ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ይዤው ወጣሁና መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሐዘናቸው ይብረድ፣ አርባ ቀን ይለፍ፣ ዓመቱ ይውጣ እያልኩ ነገዬን ስገፋው ስድስት ዓመት ሞላኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ዝምታ ነቅዟል።

በስድስቱ ዓመት የጋሼ ጠረጴዛ አንድም ቀን አልተዝረከረከም። ፖስታ ሲመጣላቸው ይከፍታሉ፣ ያነባሉ፣ ፖስታውን ቅርጫት ውስጥ ይጥላሉ። ብጫቂ ቀረ፤ ስሙም አብሮ ቀረ፤ አዲሶቹ ሠራተኞች ጋሼ ብቻ ይሏቸዋል። ፋይል ማግኘት ግን አቃታቸው። ባለጉዳይ ሲመጣ ዓይናቸውን አይጨፍኑም፤ ተነሥተው መደርደሪያው ፊት ይቆማሉ፣ ቁጥር ይፈልጋሉ፣ በመጨረሻ «ልጄ፣ እስቲ እርጂኝ» ይሉኛል። እኔ አወጣላቸዋለሁ። ደግ ነበሩ፤ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ያልተዉት ልማድ አንድ ብቻ ነው፤ ጠዋት ሲገቡ ኮታቸውን ሳያወልቁ የመስተዋቱን የግራ ጥግ ብድግ ያደርጋሉ፣ ያያሉ፣ ይመልሱታል። የለመደ እጅ ነው እል ነበር። ባየሁት ቁጥር ቶሎ ወደ ሥራዬ አቀረቅራለሁ።

ጡረታቸው ደረሰ። ጠረጴዛው ለኔ እንዲተላለፍ ታዘዘ። የርክክቡን ዝርዝር በእጃቸው ጽፈው መጡ፤ ወንበር አንድ፣ መስተዋት አንድ፣ ትሪ ሦስት፣ መብሻ አንድ፣ ማኅተም አንድ። አንድ በአንድ ያነባሉ፤ እኔ ዕቃውን እነካለሁ፣ «አለ» እላለሁ። የባለቤታቸውን ፎቶግራፍ አውጥተው ኪሳቸው ከተቱ። ዝርዝሩ አለቀ። ለመፈረም እስክሪብቶ ሲያነሱ አላስቻለኝም። መሳቢያዬን ከፍቼ ፖስታውን አወጣሁና መስተዋቱ ላይ፣ ፊታቸው አስቀመጥኩት።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ሳጸዳ…»

ፖስታውን አልነኩትም። እኔንም አላዩኝም።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምን?»

«ነርሷ ተልኳል ያለችኝ ቀን ተላላኪውን ጠየቅኩት። የሆስፒታል ማኅተም ያለበት ብዬ ስገልጽለት ሰኞ ዕለት ማስገባቱ ትዝ አለው። ጥበቃውም ከመስተዋቱ ሥር የነበረው ምድር ቤት በካርቶን እንዳለ ነገረኝ፤ ወርጄ ከፈትኩት። አገኘሁት።»

«ታዲያ ለምን…»

«እሷ ገና በሕይወት ነበረች። ይዤው ቤት ልግባ? መልሼ አሸግኩት። በኋላ ከቀብሯ ተመልሼ ሥራ ስገባ ወርጄ አየሁ፤ የለም። ያኔ አንቺ ዘንድ እንዳለ አወቅኩ።»

ነጩ ፕላስተር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ እኔ ያሸግኩት በቡናማ ነበር።

«ለምን አልተናገሩኝም ጋሼ? ለምን አልሰደቡኝም?»

«መናገር የነበረብሽ አንቺ ነሻ!» አሉ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ድምፃቸው ከፍ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ መልሰው ዝቅ አደረጉት። «በየጠዋቱ ይሄን መስተዋት የማነሳው ለምን ይመስልሽ ነበር? አንድ ቀን ቦታው ላይ ታስቀምጪልኛለሽ ብዬ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት እኮ ይቅር የምልበትን ቃል እንኳ አዘጋጅቼ ነበር የምመጣው።»

«አሁንስ?»

«አሁን ረስቼዋለሁ፣ ልጄ። ምን ልል እንደነበረ ጠፍቶኛል።»

እስክሪብቶውን አንስተው ከማኅተሙ ቀጥሎ አንድ መስመር ጨመሩ፤ ፖስታ፣ ያልተከፈተ፣ አንድ። በአስረካቢው ቦታ ፈረሙና ወረቀቱን ወደኔ ገፉት። በተረካቢው ቦታ ፈረምኩ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግተው ወጡ።