ድንቄ ያላየችው ፊልም

አንሶላ ለሁለት ነው የሚያዘው። አንዷ የቀኙን ጫፍ፣ ሌላዋ የግራውን ትይዛለች። እኩል ወጥረው ወደ መተኮሻው ማሽን አፍ ያስጠጉታል፤ የጋለው በርሜል ነክሶ መሳብ ሲጀምር እኩል ይለቁታል። ቀድማ የለቀቀች አንሶላውን ታጣምመዋለች፣ ዘግይታ የለቀቀች ጣቷን ታስይዛለች። ሥራው እጅና ዓይን እንጂ አፍ አይፈልግም፤ ስለዚህ ይወራል። ከሃይፋ በታች፣ ከወደቡ ወዲህ ካሉት ፋብሪካዎች መካከል በምትገኘው በዚያች የልብስ ማጠቢያ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚወራው ፊልም ነበር።

ድንቄና ፀሃይ የአንድ ማሽን ሰዎች ናቸው። ድንቄ የጎንደር ናት፤ የሠራተኛው ሚኒባስ ከኔቬ ዮሴፍ ዳገት ላይ ይጭናትና ቁልቁል ወርዶ ፀሃይን ከሃሊሳ ይወስዳል። ፀሃይ የትግራይ ናት፤ ስትገረም «እዋይ!» ትላለች፣ ስትናደድም «እዋይ!» ትላለች፤ ልዩነቱን የሚያውቅ የለመዳት ብቻ ነው። ከማሽኑ ወዲያ ማዶ ሳሪት ትቆማለች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፣ አማርኛዋን በዕብራይስጥ እየጠጋገነች ታወራለች፣ ተተኩሶ የሚወጣውን ተቀብላ ታጥፋለች።

የፊልም ዳኛዋ ፀሃይ ነበረች። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ግን ዓመቱ እስኪወጣ ፊልም አታይም፣ ዘፈን አትሰማም፣ ሰርግ አትሄድም። ፍርዷን ግን አልተወችም። «ማየቱ ነው እንጂ መስማቱ አልተከለከለም» ትልና፣ ገና ማሽኑ ሳይግል ትጀምራለች።

«በሉ፣ ትናንት ምን አያችሁ?»

«ሰውየው ሄሊኮፕተር ላይ ተንጠልጥሎ» አለች አንድ ቀን ሳሪት፣ «ማማሽ፣ በእውነት በአንድ እጁ፣ ከተማውን ሁሉ ሲያልፍ…»

«ሌላኛው እጁስ?»

«ሽጉጥ ይዞበታል።»

«ሸሚዙስ?»

«ምን ሸሚዙ?»

«ከሱሪው ወጥቷል ወይስ አልወጣም?»

ሳሪት አሰበች። «አልወጣም። ነጭ ነው፣ ንጹሕ።»

«እንግዲያው ውሸት ነው» አለች ፀሃይ። «እኔ አውቶቡስ ላይ እጄን ወደ ላይ ስሰቅል እንኳ ሸሚዜ ይወጣል። ሌላ አምጪ።»

ድንቄ ትስቅ ነበር። በቅርቡ ግን ሳቋ ዘገየ፤ ሌሎቹ ስቀው ሲጨርሱ ነው የሚመጣላት። ከእንቅልፍ ጋር ከተለያየች ሰንብታለች።

አባቷ፣ አቶ ባየህ፣ ከእሷ ጋር ነው የሚኖሩት። የሰውነታቸው ጤና ደህና ነው፤ የከዳቸው ሐሳባቸው ነው። ጡረታ ከወጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ እሳቸው ግን ጎሕ ሳይቀድ ይነሱና፣ ባዶ የምሳ ቦርሳቸውን አንግተው፣ በነጠላ ጫማ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ይቆማሉ። ድሮ ወደሚሠሩበት ወደ ነሸር ከተማ ሊሄዱ ነው። አንዴ ሹፌሩ ሳያውቅ አሳፍሯቸው፣ ነሸር ላይ በመኪናው መንገድ መሀል ሲሄዱ ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ድንቄ ስትተኛ የሻሿን አንዱን ጫፍ በአባቷ አንጓ፣ ሌላውን በራሷ አንጓ ታስራለች። እሳቸው በተነሱ ቁጥር ትነሳለች። እሳቸው ብዙ ጊዜ ይነሳሉ። ቀን ቀን አንዲት ጎረቤት ታያቸዋለች፤ እሷም መድከሟን መናገር ጀምራለች።

ቴሌቪዥን ፊት ሲቀመጡ ግን ሰላም ናቸው። ዜና አንባቢው ደህና አመሻችሁ ሲል ከወንበራቸው ከፍ ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉታል። ፊልም ሲከፈት ደግሞ፣ «እነዚህ ሰዎች ትናንትም እዚሁ ነበሩ። ቤት የላቸውም እንዴ? እስኪ የሚበላ ነገር ስጫቸው» ይሏታል።

የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ከሰሞኑ ደውላ ነበር። ነሸር ባለው ቤት አቮት፣ በሽማግሎቹ መኖሪያ፣ አንድ አልጋ ተለቋል፤ እስከ እሁድ መልስ ያስፈልጋል፤ ካለዚያ ለሌላ ይሰጣል። ድንቄ ለወንድሟ ለይታየው ነገረችው። ይታየው የሚኖረው ሬሖቮት ነው፣ ለበዓል ሐብሐብ ተሸክሞ ይመጣል። «አባቴን ለባዕድ ልትሰጭ? ሰው ምን ይለናል? እናታችን ብትኖር ይሄን ትሰማው ነበር?» አለና ስልኩን ዘጋ።

ቤቱን ድንቄ ገብታ አታውቀውም፤ አንሶላውን ግን ታውቀዋለች። ወደ ማጠቢያው አንሶላ የሚልክ ቤት ሁሉ ጠርዙ ላይ የራሱ ቀለም መስመር አለው። የሰማያዊ መስመሩ ቤት አንሶላ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሲመጣም ተከማችቶ ከርሞ ነው፣ ሽታው ከሁለት እጥበት በኋላም አይለቅም። የነሸሩ አረንጓዴ መስመር ነው። አዘውትሮ ይመጣል፣ ብዙ ሳይቆሽሽ ይመጣል፤ የተቀደደ ካለ በእጅ ተጥፏል። መጣፊያውን ያየ ሰው፣ እዚያ ቤት ውስጥ መርፌ ይዛ የምትቀመጥ አንዲት ሴት እንዳለች ያውቃል።

ይሄን ሁሉ ታውቃለች፣ መወሰን ግን አቃታት። ማንን ትጠይቅ? የቤት ገመና ነው። ፀሃይን እንዳትጠይቅ፣ ፀሃይ እናቷን እስከ መጨረሻ ትንፋሻቸው በቤቷ አስታማ ነው የቀበረችው። በለቅሶው ላይ የሃሊሳ ሰው ሁሉ መርቋታል። እንዲህ ላለች ሴት፣ «አባቴን ላስገባ ነው» ተብሎ በምን አፍ ይነገራል?

ረቡዕ ጠዋት ሳሪት የምታወራው ፊልም አልነበራትም። ፀሃይ ወደ ድንቄ ዞረች።

«አንቺስ? እንዲያው ፊልም ማየት ተውሽ?»

«አየሁ እንጂ» አለች ድንቄ። ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ገረማት። «አንድ ፊልም አየሁ። የአገር ቤት ነው።»

«ስሙ ማን ነው?» ሳሪት ከማዶ ስልኳን አወጣች። «እፈልገዋለሁ።»

«ስሙን አላየሁትም፣ ከመሀሉ ነው የደረስኩበት። አንዲት ሴት ናት። አባቷን የምትጦር። አባቷ ነገር ይረሳሉ። በጠዋት እየተነሱ ይወጣሉ…»

«ለፊልም ሰው "ይወጣሉ" ትላለች!» ሳሪት ሳቀች። «ዳይ፣ በቃሽ ድንቄ! አክተር እኮ ነው።»

«ሽማግሌ ናቸው፣ ምን ልበል?» አለች ድንቄ። «እና ሴትዮዋ እንዳይጠፉባት እጃቸውን ከእጇ ጋር አስራ ትተኛለች። በሻሽ። ቀን ደግሞ ሥራ ትውላለች። በመጨረሻ አንድ ቤት ተገኘ፣ ሽማግሎች የሚጦሩበት። ታስገባቸው ወይስ አታስገባቸው ነው ነገሩ።»

አንሶላ መጣ፤ ወጠሩ፤ ለቀቁ።

«አስገባቻቸው?» አለች ፀሃይ።

«እንጃ፣ አልጨረስኩትም። እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«ተዋናይዋ ምን ትመስላለች?»

«ምን ትመስላለች… እንደ ሰው ናት።»

«ወፍራም ናት? ፊቷ ወዝ አለው?»

«ወዝስ የላትም።»

ፀሃይ ሌላ አንሶላ አነሳች፣ አራገፈች። ድንቄ ፍርዱን ጠበቀች። ሸሚዝ ከሱሪ ወጣ አልወጣም እንደሚባለው ቀልድ ነው ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች።

«ካስገባቻቸው ክፉ ናት» አለች ፀሃይ። «አባት የሚጣል ዕቃ ነው? በአገራችን እንዲህ ያለ ፊልም መሥራታቸውም ነውር ነው። ሰው ያስተምራሉ ብለው ይሆናል። እዋይ! ምን ያስተምራሉ? ሌላ አምጪ።»

ድንቄ ጫፏን ቀድማ ለቀቀች። አንሶላው ተጣምሞ ገባ፣ ማሽኑ ጮኸ፣ የፈረቃው አለቃ ኒር ከወዲያ በዕብራይስጥ «ባኖት!»፣ ሴቶች፣ እያለ እጁን አወናጨፈ። ሳሪት የተጨማደደውን ጎትታ አወጣችና ወደ ቅርጫቱ መለሰችው።

በዕረፍት ሰዓት ድንቄ እንጀራዋን አልፈታችም። ከልብስ ጆንያዎቹ ላይ ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። በቃ፣ አለች በልቧ። እሁድ ደውዬ አይሆንም እላለሁ። ሐዘን እንኳ አልተሰማትም፤ ሐዘንም ጉልበት ይፈልጋል።

በማግሥቱ ሐሙስ የሆቴል አንሶላ ቀን ነው። የሆቴል አንሶላ ሰፊ ነው፣ ክንድን ከትከሻ በላይ አንስቶ መወጠርን ይጠይቃል። ድንቄ ሁለት እጇን ስትዘረጋ የሹራቧ እጅጌ እስከ ክርኗ ተንሸራተተ። አንጓዋ ላይ የሻሹ እስራት የበላው ቀይ ቀለበት ነበር፣ ከጎኑም የደረቀ አሮጌ ጠባሳ።

ፀሃይ አየች። ድንቄም ስታይ አየቻት። አንሶላው በመካከላቸው ተወጥሮ ቆመ፤ የማሽኑ በርሜል ባዶውን ዞረ።

«ባኖት!» አለ ኒር።

ለቀቁት።

ከዚያ በኋላ ፀሃይ ስለ ፊልም አልጠየቀችም። ሳሪት ስለ አንድ የዘራፊዎች ፊልም ብዙ አወራች፤ ፀሃይ «እ… እ…» ብቻ አለቻት። ምሳ ሊደርስ ሲል፣ ሳሪት ጋሪ ልትገፋ ስትሄድ ጠብቃ፣ ዓይኗን ከአንሶላው ሳታነሳ ጀመረች።

«ያ የትናንቱ ፊልም…»

«ተይው፣ የማይረባ ፊልም ነው።»

«የፈረድኩት ልክ አይደለም። ሴትዮዋን ሳላያት ነው የፈረድኩት።»

ድንቄ ቀጣዩን አንሶላ ከቅርጫቱ ሳበች።

«እናቴን ይዤ መቆየቴን ሰው ሁሉ ያወራል» አለች ፀሃይ። «እሰይ ተባልኩ፣ ተመረቅሁ። እሷ በሞተች ጊዜ ግን መጀመሪያ ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? ተኛሁ። ሰባቱን ቀን ለቅሶ፣ ሰው ገብቶ ሲወጣ፣ እኔ ተቀምጬ ተኛሁ። ሰዉ ሐዘን ጥሏት ነው አለ። ሐዘን አልነበረም፣ እንቅልፍ ነበር። ለማልቀስ እንኳ ያልቻልኩት ደክሞኝ ነው። እስካሁን አላለቀስኩም። ይሄን ፊልም ቢሠሩት ማን ያየዋል?»

አንሶላ። ወጠሩ። ለቀቁ።

«የቱ ቤት ነው?» አለች ፀሃይ። «ፊልሙ ላይ ታይቷል?»

«አረንጓዴ መስመሩ» አለች ድንቄ። ካለች በኋላ ነው ያለችውን የሰማችው። ዓይኗ ሞላ፣ ግን ሁለት እጇ ተይዟል፣ መጥረግ አልቻለችም።

ፀሃይ የያዘችውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ዳበሰች።

«አንሶላው ደህና ነው» አለች በመጨረሻ። «ይጥፉታል።»

«ይጥፉታል።»

«ወንድምስ የላትም ሴትዮዋ?»

«አላት። ሐብሐብ ያመጣል።»

«እንግዲያው ሐብሐቡን ወደ ነሸር ያምጣው። ይጮህ ይሆናል፤ ይጩህ። እኔ ሮብ ሮብ ከሥራ ስወጣ የሚጠብቀኝ የለም። ነሸር ደግሞ አውቶቡስ አለው። እሷ የማይመቻት ቀን እኔ እጠይቃቸዋለሁ። ንገሪያት።»

«እነግራታለሁ» አለች ድንቄ።

እሁድ ጠዋት፣ ሚኒባሱ ሳይመጣ፣ ማቆሚያው ላይ እንደቆመች ደውላ እሺ አለች። ይታየው ሲሰማ ጮኸ፣ ሁለት ቀን ስልክ አላነሳም፣ በሦስተኛው «ጉብኝት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አቶ ባየህ በገቡ ዕለት ቦርሳቸውን አንግተው ነበር፤ ነሸር ሲባሉ ደስ አላቸው፣ ሥራ የገቡ መሰላቸው። ድንቄ ስትወጣ ዞር ብላ አላየችም። ብታይ እንደማትወጣ ታውቃለች። ቤቷ ገብታ ሻሹን አጠበችውና፣ የት እንደምታሰጣው ግራ ገብቷት ይዛው ቆመች።

ሐምሌ ሲገባ፣ የማሽኑ ሙቀት ከውጭው ሙቀት ተደምሮ ሰው ሁሉ ዝም ባለበት አንድ ቀን፣ ሳሪት ወሬ ፈልጋ አስታወሰች።

«ድንቄ፣ ያን ፊልም ጨረስሽው? ያን ሽማግሌ?»

«ጨረስኩት።»

«እሺ? ምን ሆነ?»

«አስገባቻቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ… እየሄደች ትጠይቃቸዋለች። ጓደኛዋም ትጠይቃቸዋለች። አዳራሹ ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ለዜና አንባቢው እሷን በጣታቸው እያሳዩ፣ ልጄ ናት፣ ድ… ልጄ ናት ብለው አስተዋወቋት። በሌላ ቀን ደግሞ ማን እንደሆነች አላወቋትም፤ እስኪ የሚበላ ነገር ስጧት አሉ።»

ሳሪት እጥፉን ጨርሳ ጠበቀች። «ከዚያስ?»

«በቃ ይሄው ነው።»

«ይሄ ነው መጨረሻው? ማንም አልሞተም? ከወንድሟ ጋር አልተጣሉም? ቢኽላል፣ ጨርሶ ምንም አልሆነም? አሰልቺ ፊልም!»

«አዎ» አለች ድንቄ፣ «አሰልቺ ነው።»

ፀሃይ ከቅርጫቱ ቀጣዩን አንሶላ መዘዘች። ጠርዙ ላይ አረንጓዴ መስመር ነበረው፤ ጥግ ላይ በእጅ የተጣፈች ትንሽ ቦታ። አንዱን ጫፍ ለድንቄ አቀበለቻት።

«ሴትዮዋስ?» አለች። «ትተኛለች?»

ድንቄ ጫፏን ያዘች። «እየለመደች ነው። አሁንም ትነቃለች፣ ግን መልሳ ትተኛለች።»

«በይ» አለች ፀሃይ፣ «ወጥሪው።»