መናኸሪያውን ሠርግ ቤት ይዤ የገባሁ ዕለት

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አቀናባሪ ነኝ። «የማን ተጽዕኖ አለብህ?» ብለው የሚጠይቁኝ የፈረንጅ ስም ይጠብቃሉ። የእኔ መልስ ግን የወልቂጤ መናኸሪያ ነው፤ ያደግኩት አጠገቡ ነዋ!

ባለፈው የአክስቴ ልጅ ሲያገባ አዲሱን ሥራዬን ላሰማ ብዬ ለመንኩ። አክስቴ «ዋ! ሠርጌን እንዳታበላሽብኝ!» ብላ በስንት ልመና ፈቀደች። ላፕቶፔን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘሁና ለቀቅኩት። መጀመሪያ የሞተር ድምፅ፣ ከዚያ ጥሩምባ፣ ቀጥሎ ከመናኸሪያው የቀዳሁት የሚኒባስ ረዳት ድምፅ ከምቱ ጋር እየተደጋገመ መጣ። «ጉብሬ! ጉብሬ! የሞላ ጉብሬ!»

ከጉብሬ የመጡት ዘመዶቻችን በአንዴ ብድግ አሉ። ሊጨፍሩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ድምፁን ጨመርኩ። እነሱ እቴ! «መኪናው ሊያመልጠን ነው!» እየተባባሉ ነጠላቸውን ሰብስበው ከድንኳኑ ወጡ። «ኧረ ቁጭ በሉ፣ ሙዚቃ ነው!» ብል ማን ይስማኝ። አክስቴ አፈጠጠችብኝ።

ልመልሳቸው ተከትዬ ሮጥኩ። በር ላይ በቆመ ሚኒባስ ተሳፍረው አገኘኋቸው። ረዳቱ፣ ያው ድምፁን የቀዳሁት ሰውዬ ራሱ፣ ትከሻዬን ያዝ አደረገና፣

«ወንድሜ፣ ሁለት ሰው ጎሎኛል፤ እስቲ አንዴ ድገምልኝ!»