ሁለት ጓጉንቸር ያለው ሳጥን

ጊዜው 1995 ዓ.ም. ነው። መስከረም ገብቶ፣ ዝናቡ አባርቶ፣ የደሴ ዙሪያ አደይ የለበሰበት ሰሞን። ከደሴ ሆጤ ሰፈር ወደ ኮምቦልቻ የወረድኩት አንድ የብረት ሳጥን ለማሠራት ነው። መንገዱ ቅርብ ነው፤ ሰው በየቀኑ ይመላለስበታል። ለእኔ ግን እግዚአብሔር በዚያ አጭር መንገድ ላይ ብዙ አሳየኝ፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ሳጥኑ የጆተኒያችን ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ከጎረቤቴ ከዘይነባ ጋር ሆነን አንድ ያገለገለ የጠረጴዛ ኳስ ገዛንና ደጃፌ ላይ አቆምነው። ልጆች ስሙኒ ከትተው እጀታውን ሲገፉ ኳሶቹ ይወርዳሉ፤ ስሙኒው ሳጥኑ ውስጥ ይቀራል። በሳጥኑ ላይ ሁለት ጓጉንቸር አንጠለጠልን፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሷ። መክፈቻችንን በየግላችን እንይዛለን፣ ቅዳሜ ማታ አብረን ከፍተን እንካፈላለን። መካከላችን ሐሜት እንዳይገባ ያደረግነው ነው።

ጳጉሜን ላይ እጀታው ደረቀ፤ ቢገፋ አልንቀሳቀስ አለ። ከፍተን እንየው ስንል ደግሞ የእኔ መክፈቻ ጓጉንቸሩ ውስጥ ተሰበረ። በዚያው ሳምንት ዘይነባ ወለደች። ጆተኒው ቆመ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ የሁለታችንም ቤት የሚያድረው በዚያ ነው። ደሴ ውስጥ ያሳየኋቸው ብረት ሠሪዎች ሁሉ "ሰብረነው እንገላገል" አሉኝ። የዘይነባ ባል በጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ እሱ ነው ስለ ጋሽ ይማም የነገረን። አሰብ ወደብ ሳሉ በየቡና ቤቱ የማጫወቻ ማሽን ሲጠግኑ ኖረው፣ አሁን ኮምቦልቻ ይሠራሉ አለ።

ሆጤ፣ ጠዋት

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ኪዳን አድርሼ ዘይነባ ቤት ገባሁ። ሕፃኑን ታቅፋ ተኝታለች። ከትራሷ ሥር መክፈቻዋን አውጥታ ሰጠችኝ።

"ያዢው፣ አስካለ። ሳይከፍቱት እንዴት ይሠሩታል?"

የባሏ እህት ሉባባ ልታርሳት ከደጋን መጥታለች። እሳት እያያያዘች ነበር፤ ቀና አለች።

"ሳጥኑም፣ ሁለቱም ጓጉንቸር፣ መክፈቻውም ባንድ ሰው እጅ ኮምቦልቻ ሊወርድ ነው? ደግ። ጓጉንቸር ሁለት የሆነው ለጌጥ ነበር ለካ።"

"ሉባባ፣ ተይ" አለች ዘይነባ። "እህቴ ናት።"

"እኔ ምን ወጣኝ? እህትሽ አይደለችም አልኩ?"

መክፈቻውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። ነገሯ ግን ከእኔ ጋር ወጣ። ከፍቼ ብመለስ አንድ ቀን አንድ ሰው "ስንት ነበር?" ይላል። ዘይነባ አትልም። ቤቷ ግን ሊል ይችላል። ሳልከፍት ብመለስ ደግሞ ጆተኒው እንደቆመ ይቀራል።

የሐረጎ ቁልቁለት

ሳጥኑን ከነእጀታው ከጠረጴዛው ፈትቼ በአሮጌ ፎጣ ጠቅልዬ ሚኒባስ ገባሁ። ጭኔ ላይ ሳስቀምጠው ተንሿሿ። ረዳቱ ጆሮው ቆመ።

"እናት፣ ሙዳየ ምጽዋት ይዘው ነው የጠፉት?"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ነጠላ የለበሰች ሴት ስሙኒ የሚንሿሿበት ሳጥን አቅፋ ስትታይ ሌላ ምን ይባላል?

"የልጆች ጨዋታ ነው" አልኩት።

"እንግዲያው የልጅ ታሪፍ ይክፈል" አለና ለሳጥኑም የግማሽ ሰው ተቀበለኝ።

ሐረጎ ላይ ጉም ነበር። መኪናው ሲጠማዘዝ ጉሙ ከፈት ይላል፤ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ቤቶች፣ ከታች ደግሞ ሜዳው ይታያል። ወደታች በወረድን ቁጥር ነጠላው ይከብዳል። ቦርከና ወንዝ ጋ ስንደርስ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ነበር። ከደሴ ብርድ ለብሼ ወጥቼ ኮምቦልቻ በላብ ገባሁ።

ኮምቦልቻ

የጋሽ ይማም ሱቅ ከከባድ መኪና ጋራዦች ጀርባ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ የጆተኒ ተጫዋቾች፣ ቀይና ሰማያዊ፣ አንዳንዱ እግር የሌለው፣ ተሰቅለዋል። እሳቸው ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ነጭ ቆብ አድርገዋል፣ መነጽራቸው በክር ታስሯል።

ሳጥኑን ተቀብለው ወዲያው መሣሪያ አላነሡም። ጆሮአቸው ላይ አድርገው ቀስ ብለው አጋደሉት። እንደገና አጋደሉት።

"ስሙኒ ብቻ አይደለም ያለው" አሉ። "ድምፁ ቀላል የሆነ ነገርም አለ። ቆይ፣ መጀመሪያ ያንቺን ጓጉንቸር።"

በሞርሳ አሰሩት። የተሳለ የሴጌቶ ምላጭ ስባሪ አስገብተው፣ እስትንፋሳቸውን ውጠው፣ የተሰበረውን መክፈቻ በጥቂት በጥቂቱ ሳቡት። ሲወጣ መዳፋቸው ላይ አድርገው እንደ እሾህ አሳዩኝ። ከስባሪው ልክ ወስደው አዲስ ሞረዱ። ጥርሱን በሻማ ጭስ እያጠቆሩ ያስገባሉ፣ ያወጣሉ፤ ጥቁሩ የለቀቀበትን ብቻ ይሞርዳሉ።

"ዘይት አታድርጊበት" አሉኝ። "ዘይት አቧራ ይጠራል። እርሳስ አለሽ?"

ለልጆቼ የገዛኋቸው እርሳሶች ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። አንዱን በምላጭ ፍቀው ዱቄቱን ጓጉንቸሩ ውስጥ ነሰነሱት። መክፈቻው እንደ ውሃ ዞረ። እንዲህ ያለ እጅ ስለሰጣቸው ፈጣሪን አመሰገንኩ።

ወጣቱ ተላላኪያቸው ምሳ አመጣ። ጾም ላይ መሆኔን ሲያውቁ ሳህኑን ከደኑት። "እንግዳ ጦሟን ተቀምጣ እኔ አልጎርስም" አሉ። ብለምናቸውም አልሰሙኝም። ወደ ሁለተኛው ጓጉንቸር ዞሩ።

"ይኼስ የማነው?"

"የሽርካዬ ነው።" የነጠላዬን ጫፍ ፈትቼ መክፈቻውን ዘረጋሁላቸው። እጃቸውን ሰበሰቡ።

"እሷ የታለች?"

"አራስ ናት፣ ጋሽ ይማም። ራሷ ናት የሰጠችኝ። ታምነኛለች።"

"እሷስ ታምንሽ። ቤቷ ውስጥ ሌላ ሰው የለም?"

ሉባባ ዓይኔ ላይ መጣች።

"አየሽ፣ እታለም" አሉኝ። "ሁለት ጓጉንቸር ያንጠለጠለ ሰው፣ ሁለት ሰው ቆሞ ይከፈት ብሎ ነው። አሰብ ላይ ሽርኮች ሲለያዩ አይቻለሁ፤ አንዲት ሳንቲም ሳይጎድል። አንዱ በሌለበት ስለተከፈተ ብቻ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ ሳይቆም አልከፍትም። ወላሂ አልከፍትም።"

"እሷ መውጣት አትችልም። እኔም እንዲህ ይዤው ብመለስ ልጆቻችን ምን ይበላሉ?"

ወደ ውጭ፣ ወደ ተራራው አዩ።

"ደሴ ሩቅ ናት እንዴ? አብሽሪ። እኔ እመጣለሁ።"

ዙሁርን፣ የቀትሩን ሶላት፣ ሰግደው መሣሪያቸውን በከረጢት ከተቱ፣ ሱቁን ዘጉ። መክፈቻውን መልሼ ቋጠርኩት። ያን ጊዜ ነው ከጠዋት ጀምሮ ደረቴ ላይ የነበረው ነገር እንደወረደ ያወቅሁት።

ወደ ላይ

ሚኒባሱ ያው የጠዋቱ ነበር። ረዳቱ ሳጥኑንና ጋሽ ይማምን ተራ በተራ አየ።

"እናት፣ ሳጥኑ አሁን ደግሞ ዘበኛ ቀጠረ?"

"ዋሱ ነኝ" አሉት ጋሽ ይማም። "ይልቅ እጀታህ ይንሿሿል፣ በሩ ሐረጎ ላይ ሳይወድቅብህ በፊት ብሎኑን አጥብቀው።"

ረዳቱ ብሎኑን በጣቱ ሞከረው። እውነትም ላልቷል። ደሴ እስክንገባ በሩን እንደያዘ ቆመ፤ ለሳጥኑም አላስከፈለን።

የዘይነባ በር

አራስ ቤት እንግዳ ወንድ አይገባም። ጋሽ ይማም ከደጅ "አሰላሙ አለይኩም" ብለው ደፉ ላይ ተቀመጡ። ሳጥኑን በሩና መጋረጃው መካከል አስቀመጡት። እኔ የእኔን ከፈትኩ።

"የሌላው ባለቤት ትክፈት" አሉ።

መክፈቻውን ወደ ውስጥ አሳልፌ ሰጠሁ። ሉባባ ቆማ ታያለች። ከመጋረጃው ሥር የዘይነባ እጅ፣ ሂና የሞቀ፣ ወጣ። ጓጉንቸሩን ዳበሰ፣ መክፈቻውን አስገባ፣ አዞረ።

ክዳኑ ሲነሣ ጋሽ ይማም ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ከስሙኒው ጋር፣ ተጠፍጥፎ በስሙኒ ልክ ክብ የተደረገ የለስላሳ ቆርኪ ሞልቷል። ሦስቱ የእጀታው ጥርስ ውስጥ ተሰንቅረዋል።

"ማሻአላህ" አሉ አንዱን ወደ ብርሃን ይዘው። "ይኼን የሠራ ልጅ እጁ ከእኔ ይሻላል። ልክ በልክ።"

"በአላህ ስም፣ በስንቱ ቆርኪ ሲጫወቱባችሁ ኖረዋል?" አለች ሉባባ። ሰፌድ አምጥታ ቁጭ አለችና ቆርኪውን ከስሙኒው እንደ ምስር ትለቅም ጀመር። መጋረጃው ውስጥ ዘይነባ ስትስቅ ሕፃኑ ነቃ።

ጋሽ ይማም የተጣመመውን ጥርስ በፒንሳ አቀኑ። ከአሮጌ ራዲዮ የወጣ ማግኔት ከከረጢታቸው አውጥተው በስሙኒው መግቢያ አጠገብ አሰሩት። ሉባባ በስሙኒ ሞከረችው፤ ገባ። በቆርኪ ሞከረችው፤ ማግኔቱ አፉ ላይ ይዞ አስቀረው። ደጋግማ ሞከረችው።

ሉባባ ገንፎ ሠርታ ነበር። ለጋሽ ይማም በቂቤ አቀረበች፣ ለእኔ ለብቻ በተልባ።

"ጾመኛ ነሽ ብዬ ነው" አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ።

ጋሽ ይማም አሁን በሉ። የእጃቸውን ዋጋ ተቀብለው የመንገዱን እንቢ አሉ። ሕፃኑን በመጋረጃው በኩል መርቀው በመጨረሻው መኪና ወረዱ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው። ዘይነባ መክፈቻዋን ስትሰጠኝ አመነችኝ። እኔ በዚያ ብቻ ተማምኜ ላስከፍተው ነበር። እሳቸው እምነቷ እንዳይጎዳ ሱቃቸውን ዘግተው ተራራ ወጡ። በሃይማኖት ብንለያይም በጸሎቴ ስማቸውን አነሣለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጆተኒውን ወደ ደጅ ላወጣ ሄድኩ። ጠረጴዛው ከባድ ነው፤ ለብቻ አይነሣም። ሁልጊዜ በዚያ ጫፍ ዘይነባ ነበረች። ጎረቤት ልጠራ ስል ሉባባ መቀነቷን እያጠበቀች መጣችና በዘይነባ ቦታ ቆመች።

"ምን ታይኛለሽ?" አለችኝ። "አንሺ እንጂ።"

አነሣን።