አንድ ቤት ጎደለ

ልጅ ሳለሁ ነው እንጂ፣ ዛሬ ያንን ተረት ቁጭ ብዬ የምሰማበት ትዕግሥት የለኝም። የሚያወሩልን አያቴ ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ያኔ ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብሎ ቀወት ውስጥ ባለው ማሳችን ማሽላው እሸት ሲሆን፣ ወፍ ስንጠብቅ ውለን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደጃፍ ላይ እሳት እንከባለን፤ አያቴም እሸቱን ፍም ላይ እያገላበጡ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ አክስቴ ብርቄ ኩራዙን እስክታበራ ጠብቀው፣ ከሬዲዮ ሰምተው የራሳቸው ያደረጉትን የፍቅረኞች ቀን ታሪክ ይጀምራሉ።

የሮም ንጉሥ «ሚስት ያገባ ወታደር ልቡ ቤቱ ነው» ብሎ ጋብቻ ከለከለ። አንድ ቄስ ግን ወጣቶቹን ደብቆ በጧፍ ብርሃን ያጋባ ነበር፤ ሲደረስበት አንገቱን ተቀላ፤ የሞተበትም ቀን የፍቅረኞች ቀን ሆኖ ቀረ ይባላል። ሬዲዮው ከዚህ አላለፈም መሰለኝ። ሙሽሮቹ አክሊል መድፋታቸውን፣ ሚዜዎቹ በር ላይ ቆመው የንጉሡ ሰው ሲመጣ ማሳላቸውን የጨመሩት አያቴ ናቸው። መጨረሻው ላይ ድምፃቸው ይሰበርና «በተዋደዱ ሰዎች መሐል የሚገባ ንጉሥም ቢሆን አይባረክ» ይላሉ። እኔ ደግሞ አምናቸው ነበር።

ብርቄ ከሮቢ ወንዝ ውኃ በሞተር እየሳበ ሽንኩርት የሚያለማ ታደለ የሚባል ጎረምሳ ትወድ ነበር። በዚያው በእሸቱ ሰሞን ሽማግሌ ላከ። የእኛ አገር ሰው ሰባት ቤት ሳይቆጥር አይጋባም፤ ሁለቱ ወገኖች ወደ ላይ ቆጥረው አንድ አያት ላይ ከተገናኙ፣ እስከዚያ ሰባት ትውልድ መሙላት አለበት። አያቴ በጣታቸው ቆጠሩና «ስድስት ነው፤ አንድ ቤት ጎደለ» አሉ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ከልጆቹ ከጀመርን እኮ ይሞላል» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«እኔ ከአባት ነው የምጀምረው። አባቶቼም እንደዚያው ነው የቆጠሩት።»

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጡ ብርቄ ኩራዙን አበራች። እኔ ግን አላስቻለኝም።

«አባባ፣ ቄሱ ቤት ቆጥረው ነበር?»

«አፍሽን ያዢና እሸትሽን ብዪ» አሉኝ። ተናድጄ እሸቱን ፍሙ ውስጥ መለስኩት።

ታደለ ሁለት ጊዜ ደጅ ጠንቶ ሲያቅተው ከአጣዬ ሌላ አገባ። ብርቄ አባቷን እየጦረች ቀረች። በዓመቱም እሸት ደረሰ፤ አያቴ ያንኑ ተረት ጀመሩ፤ ቄሱ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው እንደ አምናው ተሰበረ። የሚያበግነኝ ይኼ ነው፤ ከልባቸው ነበር የሚያዝኑት።

አምና ደግሞ የእኔ ሽማግሌዎች መጡ። አያቴ ዓይናቸው ደክሟል፣ ቆጠራው ግን አልጠፋቸውም። ስድስት ላይ ደረሱና ቆም አሉ።

«በሉ፣ ከልጆቹ ጀምሩ» አሉ።

ሰባት ሞላ። ብርቄ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር።

«አባባ፣ መቁጠሩን ዛሬ ለመዱት?» አለች ቀስ ብላ። አያቴ እጃቸውን ዘረጉ፤ አስታጠበቻቸው።

አሁን የካቲት ሲመጣ የሮቢት ካፌ ሁሉ ቀይ ፊኛ ይሰቅላል፤ ባለቤቴም አበባ ይዞልኝ ይመጣል። ተቀብዬው ብርጭቆ ውስጥ አኖረውና ያ የቆጠራ ቀን ትዝ ይለኛል። አያቴን መውቀስ ቀላል ነው፤ ስወቅሳቸውም ኖሬአለሁ። ግን ሕፃን ሆኜ አያቴን ፊት ለፊት ለብርቄ ብዬ የጠየቅሁት እኔ፣ ቆጠራው ለእኔ ሲሞላ «ለእሷስ?» አላልኩም። ደስ ብሎኝ ነበር።